የጉለሌዋ ወጌሻና የሾዴ ቀኝ እጅ

እትዬ የዓለምወርቅን ያወቅኋቸው በአንድ ሥዕል ሰበብ ነው። ዘመኑ 1974 ዓ.ም. ሲሆን እኔ ጉለሌ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን ደግሞ፣ እንደዚያን ጊዜ መምህራን ሁሉ፣ ወደ ቀበሌው አዳራሽ እሄድና ለጎልማሶች መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። አንድ ቀን ቃላቱን በዓይናቸው እያዩ ቢያነቡ ይቀልላቸዋል ብዬ የእጅ አጥንት የተሣለበትን ትልቅ ሥዕል ከትምህርት ቤት ተሸክሜ መጣሁ። ከሥሩ በጉልህ ፊደል «ክንድ»፣ «ክርን»፣ «መዳፍ»፣ «ጣት» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ እያነበቡ ሳለ ከኋላ ወንበር አንዲት ቀጭን፣ ረጅም፣ ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ ሴት ተነሥተው መጡና ሥዕሉ ፊት ቆሙ።

«መምህር፣ ይሄን የሣለው ሰው እጅ ጨብጦ ያውቃል?» አሉኝ።

«ምነው እትዬ?»

«እጁ እኮ ተገልብጧል፤ የሚታየው የእጁ ጀርባ ነው። እጅ ሲገለበጥ በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት በሌላው ላይ ተሻግሮ ይተኛል። እነዚህ ግን እንደ ባቡር ሐዲድ ጎን ለጎን ተጋድመዋል። እንዲህ ያለ ሰው ቤቴ ቢመጣ እኔም አብሬው አለቅስ ነበር።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም ክብሬን ለመጠበቅ፣ «መጽሐፉም ላይ እንዲሁ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው መጽሐፉንም ይዘኸው ና፤ እጠግነዋለሁ።»

ቤቴ ገብቼ ከመምህራን ማሠልጠኛ ይዤው የወጣሁትን፣ ሽፋኑ የተገነጠለ አሮጌ መጽሐፌን ገለጥኩ። መጽሐፉ ላይ አጥንቶቹ ልክ እሳቸው እንዳሉት ተሻግረው ተሥለዋል። እኔ ይህን ገጽ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ የእጅ አንጓ ላይ ስምንት ትንንሽ አጥንቶች እንዳሉ፣ ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ ሲቆጠር በጠቅላላው ሃያ ሰባት እንደሚሆኑ በቃሌ እወጣዋለሁ። ሥዕሉ ስሕተት መሆኑን ግን ሦስት ዓመት ሳስተምርበት አላየሁም። በማግሥቱ ክፍል ውስጥ በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ጎበዝ» አሉኝ፣ እንደ ተማሪያቸው።

እትዬ የዓለምወርቅ ወጌሻ ነበሩ። ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው አቀበት ላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ዝቅ ብሎ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ይኖራሉ። ሰው የሚመጣላቸው ወለምታም ቢሆን፣ ውልቃትም ቢሆን፣ ስብራትም ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ስማቸው የሚነሣው በእጅ ነበር። እግር የተሰበረ ሲመጣ አይተው፣ «ይሄ ለሌላ ሰው ነው፤ እኔ ከክርን ወዲህ ነኝ» ብለው የሚሸኙበት ጊዜ ብዙ ነው።

ምክንያቱን የጠየቅኋቸው ቆሎ ሲቀበሉኝ ነው። በግራቸው በኩል ተቀምጬ ዘግኜ ስሰጣቸው ቀኛቸውን አሻግረው ዘረጉ። የግራ መዳፋቸው ወደ ላይ እንደማይዞር ያን ጊዜ አየሁ፤ ወደ ታች እንደተደፋ ይቀራል እንጂ አይገለበጥም።

«የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክሜ ስወርድ ነው» አሉኝ። «አዳለጠኝ፤ ሸክሙ ከላይ፣ እኔ ከታች። የግራ ክንዴ ሁለቱም አጥንቶች ተሰበሩ። አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ነበረ፤ ሲያስረኝ መዳፌን ወደ ታች አድርጎ አሰረኝ። አጥንቱ ገጠመ፤ መዳፌ ግን እዚያው ቀረ።»

«አልተቀየሟቸውም?»

«ተቀይሜ ምን ላመጣ? ምን እንዳጣመመኝ ሳላውቅ አልሞትም አልኩና እንጨቱን ትቼ ሽማግሌው ዘንድ ውሃ እየቀዳሁ አምስት ዓመት ተቀመጥኩ። እሱ ሲያስር አየዋለሁ። በሦስተኛው ዓመት፣ አባባ ይሄን ልጅ መዳፉን ወደ ላይ አድርገው ይሰሩት አልኩት። ተቆጣ። በአራተኛው ዓመት ሰማኝ። በአምስተኛው ራሴ አሰርኩ።»

የእሳቸውን ሥራ ካየሁ ወዲህ አሮጌው መጽሐፌ ነፍስ ዘራ ማለት እችላለሁ። ለምሳሌ መጽሐፉ ስለ ክርን ሲናገር፣ ክንድ ሲታጠፍ ከኋላ በኩል ሦስት ጉብታዎች ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፤ ክንዱ ሲዘረጋ ግን በአንድ መስመር ይሰለፋሉ ይላል። እሳቸው እነዚህን «ሦስቱ ጉልቻ» ይሏቸዋል። ክርኑ ያበጠ ሰው ሲመጣ ሦስት ጣታቸውን በሦስቱ ላይ ያሳርፉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ጉልቻው ቦታውን ከለቀቀ ውልቃት ነው። ጉልቻው እንዳለ ሆኖ ከበላዩ ከጎበጠ ስብራት ነው። ይህን ለማወቅ ከአንድ ደቂቃ በላይ ሲፈጅባቸው አላየሁም።

ከሁሉ የሚበዙት ግን ሕፃናት ነበሩ። እናት ልጇን በአንድ እጁ ይዛ ቦይ ልታሻግር ብድግ ታደርገዋለች፤ ቀጭ የምትል ድምፅ ትሰማለች፤ ልጁ ከዚያ በኋላ እጁን እንደ ሙት አንጠልጥሎ ይቀራል። እትዬ የዓለምወርቅ ልጁን አያባብሉትም። የእጁን አንጓ ይይዛሉ፣ አውራ ጣታቸውን ክርኑ ላይ ያሳርፋሉ፣ መዳፉን ወደ ላይ ገልበጥ አድርገው ክንዱን አጠፍ ያደርጉታል። በቃ። ከዚያ ከመቀነታቸው ቋጠሮ አንዲት የስኳር ጓል ያወጣሉ፤ ያን ጊዜ ስኳር በራሽን ነው፤ ከታመመው እጁ ፊት ለፊት ከፍ አድርገው ይይዙለታል። ልጁ በታመመው እጁ ከተንጠራራ ድኗል። በደህናው ከተንጠራራ ስኳሩ ወደ ቋጠሮው ይመለሳል፤ ሥራውም ይደገማል። እናቶቹ ሲመርቋቸው፣ «ምርቃቱን ተይውና ልጅሽን በብብቱ አንሺው» ይላሉ።

እንዲህ እየሆነ ሐምሌ ገባ፤ የሾዴ ነገር የመጣውም በዚያ ሐምሌ ነው።

ሾዴ ከጨንቻ ወጣት ሆኖ የመጣ፣ ያን ጊዜ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው ሸማኔ ነው። በሸማኔዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ጥለት ላይ እንደሱ ያለ አልነበረም። ዝምተኛ ነው። አራት ልጆች አሉት፤ ከሽመና በቀር የሚያውቀው ሥራ የለም፤ ሽመና ማለት ደግሞ ቀኝ እጁ ነው። መወርወሪያውን በቀኙ ይወረውራል፤ በአውራ ጣቱና በሁለቱ ተከታይ ጣቶቹ ድሩን ነክቶ የላላውን ከጠበቀው ይለያል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ክር ተሸክሞ ሲወርድ ጭቃው አዳለጠውና ወደ ፊት ተደፋ። ሰው ሲወድቅ ፊቱን ለማዳን እጁን ይዘረጋል፤ ሾዴም ዘረጋ፤ ያውም ቀኙን። እትዬ የዓለምወርቅ ቤት ይዞት የመጣው ጓደኛው ባጫ ነበር፤ አጠገቡ ተቀምጦ የሚሸምን፣ ወሬ የማይደክመው ሰው። እኔ ትምህርት ቤት ተዘግቶልኝ እዚያው በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ።

አንጓው ከጎን ሲታይ ታጥፏል፤ ከፍ ብሎ ደግሞ ዝቅ ይላል። «ጭልፋ» አሉ እትዬ የዓለምወርቅ፤ ስብራቱን በቅርጹ ነው የሚጠሩት። «ጣትህን አንቀሳቅስ። ጎሽ። ይሄን ስነካህ ይሰማሃል? ጥሩ። ባጫ፣ ና ክርኑን ያዝ።»

«እንዴት ልያዘው?»

«እንደ በግ አትያዘው፤ እንደ ሰው ያዘው። እኔ ስስብ አንተ አትከተለኝ። እኔ ወደዚህ፣ አንተ ወደዚያ።»

የሾዴን አውራ ጣትና ጣቶች ጨብጠው ቀስ ብለው መሳብ ጀመሩ። አልነጠቁትም። እየሳቡ ስለ ልጆቹ ጠየቁት፤ የትልቋን ስም ሲናገር ጎንበስ አድርገው ገፋ አደረጉትና አንጓው ቀና አለ። ሾዴ ስሙን ሳይጨርሰው አፉን ከፍቶ ቀረ።

«አለቀ» አሉ።

ቀጥለው የቀርከሃ ስንጥሮችን በጨርቅ ጠቅልለው ደረደሩ፤ ከዚያም በአሮጌ ነጠላቸው ቅዳጅ አሰሩት። ጨርቁ መቶ ጊዜ ከመታጠቡ የተነሣ ሸረሪት ድር መስሏል፤ ጫፉ ላይ የተጣፈ ቦታም አለው። ባጫ አየና ፊቱ ተለወጠ።

«እማማ፣ የጉለሌ ሸማኔ በቡትቶ ይታሰራል?»

«ይታሰራል። አዲስ ጨርቅ እልኸኛ ነው፤ እጅ ሲያብጥ አልላላም ይላል። አሮጌ ጨርቅ እጁ ሲሰፋ አብሮት ይሰፋል።» ወደ ሾዴ ዞሩ። «እጅህን ከደረትህ ከፍ አድርገህ ያዘው። ጣትህን ክፈት ዝጋ፣ ክፈት ዝጋ፤ ሥራህ እሱ ነው። ጣትህ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ የሰው ጣት ከመሰለህ ግን ሰዓት አትይ፤ ና። ሐሙስ አየዋለሁ።»

«መወርወሪያ እይዛለሁ?» አለ ሾዴ። እዚያ ቤት ከገባ የተናገረው ረጅሙ ነገር ይህ ነበር።

«ትይዛለህ» አሉት፣ ቀና ብለው እያዩት። «የነገርኩህን ካደረግህ ትይዛለህ።»

ሐሙስ መጣ፤ ፈትተው አዩት፤ እብጠቱ አለ ግን ጣቶቹ ሞቃት ናቸው። መልሰው አሰሩትና ሸኙት።

በዚያው ሳምንት እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ሦስት ሰዓት ላይ ተጠርቶ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አጥናፉ ስብሰባ የሚያረዝም ሰው ነው፤ የቀረ ሰው የራሽን ካርዱን ለማሳተም ሲሄድ ለምን እንደቀረ ሦስት ጊዜ ያስረዳል፤ ስለዚህ አዳራሹ ጢም ብሏል። እንደ ዘመኑ ደንብ ግራ እጅ ተነሣ፣ መፈክር ተባለ፣ አጀንዳ አንድ አለቀ፣ አጀንዳ ሁለት ተከፈተ። አምስት ሰዓት ገደማ ሲሆን ሊቀመንበሩ፣ «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ!» አለ።

እኔና እትዬ የዓለምወርቅ ከጥግ ነበርን። የሁሉም ሰው እጅ ሲወጣ ከፊታችን በሦስተኛው ረድፍ፣ በመተላለፊያው ዳር የተቀመጠው ሾዴ ግራውን አወጣ። ያን ጊዜ እትዬ የዓለምወርቅ ያወጡት እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። የሾዴ ቀኝ እጅ ጭኑ ላይ ተኝቷል፤ ከላይ የሚታየው ግን አሮጌው ነጠላ አይደለም። ነጭ፣ አዲስ፣ እንደ መቀነት ጠበብ ብሎ የተሸመነ ማሰሪያ ነው፤ ጫፍ ጫፉ ላይ ቀይ ጥለት ሳይቀር አለው። ከዚያ ውስጥ የወጡት ጣቶች ተነፍተዋል፤ ጥፍሮቹ አመድ መስለዋል።

ሰው እየገፉ ወደ ፊት ሄዱ።

«ጓድ የዓለምወርቅ!» አለ ሊቀመንበሩ። «አጀንዳ ሁለት ላይ ነን!»

«አጀንዳው ይቆያል፤ ይሄ አይቆይም።»

ሾዴ ፊት ተንበረከኩ። የመሐል ጣቱን ጥፍር ተጫኑና ለቀቁ፤ ነጣ፤ ደም ይመለሳል ብለን ብናይ አልተመለሰም። «ዓይንህን ጨፍን» አሉት። አውራ ጣቱን ነኩ፣ ሌባ ጣቱን ነኩ፣ የመሐሉን ነኩ። «የትኛውን ነካሁ?»

«ገና አልነኩኝም፣ እማማ» አለ ሾዴ።

ከዚያ የመሐል ጣቱን ጫፍ ይዘው ቀስ ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው ወደ ላይ ዘረጉት። ያ አጥንቱ ሲቃና እንኳ ያልጮኸ ሰው አዳራሹን በጩኸት ሞላው። ይህን የሚያስረዳውን ገጽ ከመጽሐፌ አውቀዋለሁ፤ ጣት ራሱ ጡንቻ የለውም፤ የሚስቡት ጡንቻዎች ክንድ ውስጥ ናቸው፣ በጅማት ነው የሚደርሱት። ጣት ሲዘረጋ ክንድ ከጮኸ ክንዱ ውስጥ ያለው ሥጋ ደም አጥቶ እየታፈነ ነው። በሰው ላይ ሲሆን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

«መቼ ታሰረ?»

«ዛሬ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ» አለ ባጫ፣ ከጎኑ ብድግ ብሎ። «ሰው ፊት በቡትቶ እንዳይቀርብ ብዬ እኔ ነኝ። ሁለት ቀን የሸመንኩት ነው እማማ፤ ድርብ ክር ነው፤ ከቀርከሃው ጋር አጥብቄ...»

«ደረቅ ነበር እርጥብ?»

«አርሼ ነው እንጂ! የሽመና ዕቃ ስናስር ገመዱን እናርሰዋለን፤ ሲደርቅ ጥርቅም ብሎ ይይዛል፤ አይነቃነቅም። እጁም እንዳይነቃነቅ...»

እትዬ የዓለምወርቅ አልተቆጡም። ዘወር ብለው የጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ፣ እርሳስ መቅረጫ የሆነችውን ምላጭ አዩ። «ያንን ምላጭ።»

ጸሐፊው ሊቀመንበሩን አየ። ሊቀመንበሩ ራሱ አንሥቶ አቀበላቸው።

ቋጠሮው እንደ ድንጋይ ሆኗል፤ በእጅ የሚፈታ አልነበረም። በትንሿ ጣት በኩል ምላጩን ወደ ውጭ አድርገው ከክርኑ ወዲህ እስከ መዳፉ ድረስ ጥለቱን፣ ድርብ ክሩን፣ ከሥሩም የራሳቸውን አሮጌ ነጠላ ሳይቀር ቀደዱት። ቀርከሃው ሲላቀቅ ቆዳው ላይ የክሩ መስመር እንደ ማኅተም ታትሞ ነበር። ሾዴ ለምዶበት እጁን ወደ ላይ ሊያነሣ ሲል ያዙት።

«አሁን አታንሣው። ከልብህ እኩል ይሁን፤ ደሙ አቀበት አይውጣ።»

ጠበቅን። ትንሿ ጣትና አጠገቧ ያለችው መጀመሪያ ቀሉ። ሦስቱ ግን፣ መወርወሪያ የሚይዙት ሦስቱ፣ እንደ ደነዘዙ ናቸው። እትዬ የዓለምወርቅ ክንዱን ዳሰሱት፤ ገና ገትሯል። ተነሡ።

«ወደ ጳውሎስ እንሂድ።»

«እርስዎ እያሉ?» አለ ባጫ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። «እርስዎ እያሉ ሆስፒታል?»

«እኔ ስላለሁ ነው የምልህ። እስከዚህ ያለው የእኔ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ያለው ምላጭ የእነሱ ነው።»

በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ጠመንጃውን እንደ መቀርቀሪያ አጋደመው። ስብሰባ ሳያልቅ ሰው አይወጣም፤ ደንብ ነው። ሁሉም ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ።

«አጥናፉ» አሉ እትዬ የዓለምወርቅ፣ ጓድነቱን ትተው። «የስምንት ዓመት ልጅ ሆነህ ክርንህ ወልቆ እናትህ ስታመጣህ ስብሰባ ላይ ነኝ ብያት ነበር?»

ሳቁ ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት መጣ። ሊቀመንበሩ ፊቱ ቀላ፤ ግን ክፉ ሰው አልነበረም። ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «ጓዶች፣ ሾዴ ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ የምትደግፉ?» አለ።

አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ። የበሩ ጥበቃም ጭምር።

አስፋልቱ ላይ አንድ ውይይት ታክሲ አገኘንና እኛ አራታችን ከኋላው ፊት ለፊት ተቀመጥን። እትዬ የዓለምወርቅ የሾዴን ክንድ ጭናቸው ላይ እንደ ሕፃን ይዘውታል። ባጫ ያችን የተቀደደች ማሰሪያ አጣጥፎ ይዟል።

«ገደልኩት» አለ።

«አልገደልከውም። እንጨት መስሎህ ነው። እንጨት ሲያስሩት ዝም ይላል፤ ሥጋ ግን ያብጣል። አንተም ሾዴ! ጠዋት ደንዝዞህ ሳለ ለምን ዝም አልክ?»

ሾዴ ባጫን አየው። «ሁለት ቀን ሸምኖልኝ...» አለ።

«ይሉኝታ!» አሉ እትዬ የዓለምወርቅ። «እጅህን በይሉኝታ ልትሰጠው ነበር!» ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ፤ ባጫ ግን አልሳቀም።

ሆስፒታል የተቀበለን ወጣት ሐኪም ነበር። ጣቶቹን አየ፣ ጥፍሩን ተጫነ፣ የመሐሉን ጣት ዘረጋ፤ ልክ እሳቸው እንዳደረጉት፣ ቅደም ተከተሉ እንኳ ሳይለወጥ። ራጅ ተነሣ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ቆየ።

«ማን ነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ» አለ ባጫ፣ ለእስር እንደሚሄድ ሰው።

«አጥንቱንስ ማን አቃናው?»

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ የዓለምወርቅ።

«አጥንቱ ደህና ቆሟል፣ እናቴ። አደጋው እብጠቱ ነው። በጊዜ ፈትታችሁታል፤ ግን ክንዱ ካልላላ ቆዳውን ከፍተን ጫናውን ማስለቀቅ ይኖርብናል። አንድ ሰዓት እንጠብቃለን።»

ሾዴ ወደ ሐኪሙ ሳይሆን ወደ እሳቸው ዞረ። «ይክፈቱት?»

«ካስፈለገ ይክፈቱት። የቆዳ ቁስል ይድናል፤ የታፈነ ሥጋ አይድንም። እኔ ለልጄም ቢሆን እሺ እላለሁ።»

«እሺ» አለ ሾዴ።

ያቺ አንድ ሰዓት ረጅም ነበረች። ሐኪሙ በየሩብ ሰዓቱ ይመጣል፤ በመሐል እትዬ የዓለምወርቅ ክንዱን በጣታቸው ጫፍ ይዳስሳሉ። ፊታቸው ላይ ፍርሃት አላየሁም። አዋቂነታቸውን የተረዳሁት ከዚያ ፊት ነው ብል ይሻላል፤ የሚያውቁትን አድርገው ጨርሰዋል፣ የማያውቁትን ለሚያውቀው ሰጥተዋል፣ ከዚያ በኋላ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። እኔ ግን መጽሐፌን በልቤ እየገለጥኩ፣ በአንጓው ጠባብ በር ስለሚያልፈው፣ አውራ ጣትንና ሁለቱን ጎረቤቶቹን ስለሚያነቃው ነርቭ እያሰብኩ ተቁነጠነጥኩ።

ሐኪሙ ለሦስተኛ ጊዜ መጥቶ የመሐሉን ጣት ሲዘረጋው ሾዴ ጥርሱን ነከሰ እንጂ አልጮኸም። ጥቂት ቆይቶ፣ «እማማ፣ አውራ ጣቴን ጉንዳን ወረረው» አለ።

«ይውረረው!» አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከፍ አለ። «ጉንዳን ከመጣ ቤቱ ሰው አለበት ማለት ነው።»

ሐኪሙ ክንዱን ዳሰሰ፤ ላልቷል። ምላጩ ቀረ። ከሥር ብቻ የሚይዝ ግማሽ ጀሶ አደረገለትና ሁለት ቀን አስተኝቶ ሲከታተለው ቆየ። ሲወጣም ለእትዬ የዓለምወርቅ፣ «ጀሶው ሲነሣ ማሸቱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ» አላቸው። «አጥንቱን አላሽም፤ ጣቶቹን ነው የማሠራው» ብለው አረሙት። ሐኪሙም ልክ ነዎት አለ።

ጀሶው በስድስተኛው ሳምንት ተነሣ። የወጣው እጅ ቀጭን፣ የገረጣ፣ ጣቶቹ እንደ ደረቀ ቆዳ ግትር ናቸው። የሌባ ጣቱ ጫፍ ገና ጥጥ የለበሰ ይመስለዋል። ከዚያ በየቀኑ ጠዋት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እጁን ነክሮ እርጥብ ጨርቅ ሲጨምቅ፣ አውራ ጣቱን በተራ ከእያንዳንዱ ጣት ጋር ሲያሳልም፣ መዳፉን ወደ ላይ ወደ ታች ሲገለብጥ ይውላል። መዳፉን ሲያገላብጥ እትዬ የዓለምወርቅ ዓይናቸውን አይነቅሉም። አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ዞረችለት። እሳቸውም መዳፉ ላይ ቆሎ አፈሰሱለትና ወደ ጓዳ ገቡ።

በጥቅምት አጋማሽ ሾዴ ሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። እኔም፣ ባጫም፣ ሌሎቹ ሸማኔዎችም ሥራ አቁመን ቆምን። እትዬ የዓለምወርቅ ከጉድጓዱ አፍ ላይ በርጩማ አስመጥተው ተቀመጡ።

የመጀመሪያው ውርወራ ግማሽ መንገድ ሄዶ ድሩ መሐል ቆመ። ሁለተኛው ከጎን ወጥቶ መሬት ወደቀ፤ ባጫ ሊያነሣ ሲል፣ «ተወው፤ ራሱ ያንሣ» አሉ። ሾዴ ጎንበስ ብሎ በሦስቱ ጣቶቹ አነሣው። ግንባሩ ላብ አውጥቷል።

«በትከሻህ ትታገላለህ» አሉት። «ትከሻህ ምን አደረገ? መወርወር ከክርን ወዲህ ነው። ክርንህን ከጎንህ አድርገው፣ አንጓህን ልቀቀው።»

ክርኑን ሰበሰበ። ወረወረ። መወርወሪያው ድሩን ሰንጥቆ አልፎ ግራ እጁ ላይ ጠብ አለ። መልሶ ወረወረው፤ ቀኙ ተቀበለ። ሾዴ እጁን አላየም፤ ጥለቱን ነበር የሚያየው።

እትዬ የዓለምወርቅ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «እስከ ምሳ ሠላሳ ጊዜ ብቻ። ከሠላሳ በላይ ከወረወርክ እኔው እሰብርሃለሁ።»

«እሺ፣ እማማ።»

ወጡ። መወርወሪያው ከኋላቸው ሲመላለስ ይሰማ ነበር። ሾዴ እስከ ምሳ ስንት ጊዜ እንደወረወረ ባጫ አንድ በአንድ ቆጥሮታል፤ ለእሳቸው ግን አልነገራቸውም።